ዕድሜያቸው ስለ ገፋ ሠራተኞችና ስለ ሥራ ማገናኛ ቢሮዎች
በጅቡቲ ከተማ በካርቲየ 5 ለከተማው ነዋሪዎችና ለአስተዳደር ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ከድሬዳዋ ወደዚህ ስመጣ ስለ ወጣቶች ሥራ እናገራለሁ ብለው የጠበቁ ሰዎች መኖራቸውን ሰምቻለሁ። ስለ ወጣቶች የሚናገር ግን አልጠፋም፤ እንዲያውም በሥራና በሥልጠና ጉዳይ በተሰበሰበ ጉባኤ ሁሉ መጀመሪያም መጨረሻም የሚነሣው ቃል «ወጣት» የሚለው ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በኢትዮጵያም በጅቡቲም ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚጠብቀው ወጣት ብዙ ነው። እኔ ግን ዛሬ የማነሣው ሃምሳ ዓመት ያለፋቸውን፣ ሠርተው የኖሩትንና ገና መሥራት የሚፈልጉትን፣ ይልቁንም መሥራት ግድ የሆነባቸውን ሰዎች ነው። ራሴ አርባ ዓመት ሳይሞላኝ ስለ ታላላቆቼ መናገሬ እንደ ድፍረት እንዳይቈጠርብኝ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የዕለት ሥራዬ ሥራ ፈላጊዎችን መመዝገብ ስለ ሆነ፣ ከጠረጴዛዬ ፊት የሚቆመውን ሰው ፊቱንም እጁንም አያለሁ። ወጣቱ ሥራ ሲያጣ ይቈጣል፣ ይከራከራል፣ በማግሥቱም ተመልሶ ይመጣል። ሽበታሙ ግን በበሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ካነበበ ወይም ካስነበበ በኋላ አንድ ቃል ሳይጠይቅ ይመለሳል።

የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚህ አገር እንደ ተለመደው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልናገር።

ይህን ጉዳይ በካርቲየ 5 ማንሣት ተገቢ ነው። ጅቡቲና ድሬዳዋ የአንድ ሐዲድ ልጆች ናቸው። የምድር ባቡሩ ሥራ በ1897 ከዚሁ ከባሕሩ ዳር ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። 780 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ይህ መንገድ ሶማሌውን፣ አፋሩን፣ ዐረቡን፣ ኦሮሞውን፣ አማራውን፣ ጉራጌውንና ሐረሪውን ሰብስቦ ባንድ ፊሽካ የሚነሣ ሠራተኛ አደረጋቸው። የድሬዳዋ ሽማግሌዎች ኩባንያውን እስከ ዛሬ በፈረንሳይኛው ስም «ሸሚንደፈር» ይሉታል፤ አዲስ አበባም «ለገሀር» የሚለውን የሠፈር ስም ያገኘችው ከዚያው ነው። በእነዚህ በቍጥር በሚጠሩት የጅቡቲ ሠፈሮች ውስጥም ከባቡሩ ወይም ከወደቡ እንጀራ የበላ ቤተ ሰብ ብዙ ነው።

በዚያ ዘመን ሠራተኛው ሙያውን የሚማረው በትምህርት ቤት አልነበረም። ልጅ ሆኖ ይገባና ከዐዋቂው አጠገብ ይቆማል፤ መጀመሪያ ፋኖስ ይይዛል፣ ቀጥሎ መፍቻ ያቀብላል፣ ከዓመታት በኋላ መፍቻውን ራሱ ይጨብጣል። በድሬዳዋው የባቡር መጠገኛ፣ መለዋወጫ ዕቃ ከውጭ ሳይመጣ ሲቀር፣ የጐደለውን ዕቃ በገዛ ቶርኖአቸው እየቀረጹ ባቡሩን ያስኬዱ የነበሩት እንዲህ የተማሩ ሰዎች ናቸው። ዲፕሎማ አልነበራቸውም፤ ጆሮአቸው ግን የሞተሩን ሕመም ከሩቅ ይለይ ነበር። እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር ከመጽሐፉ ትምህርት ሌላ የእንጨት ሥራ እንማር ነበር፤ ያስተማሩን ሽማግሌ አናጢ ስማቸውን ለመፈረም ይቸገሩ ነበር። የትምህርት ቤቱ አለቆች ግን ስለ እንጨትና ስለ መጋዝ ከእርሳቸው የሚሻል መምህር እንደሌለ ያውቁ ስለ ነበር ክፍሉን በሙሉ ለእርሳቸው ለቀውላቸው ነበር። ዛሬ ይኸው ሽማግሌ ወደ አንዱ የሥራ ማገናኛ ቢሮ ቢመጡ በየትኛው መዝገብ ላይ እንደሚሰፍሩ ሳስበው ይጨንቀኛል።

እንግዲህ ሥራው ተለወጠ። ለወጡን በወደቡ በኩል ብንመለከተው በጣም ግልጽ ይሆናል። በ1956 አንዲት መርከብ በአሜሪካ ጠረፍ የብረት ሣጥኖች ጭና ከኒው ዮርክ አጠገብ ወደ ሂዩስተን ተጓዘች፤ ኮንቴይነር የሚባለው የዓለም ንግድ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የኢትዮጵያ ቡና በ60 ኪሎ ጆንያ ተሰፍቶ ይላካል። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ከዚህ ጆንያ 320 ያህል ይይዛል። ይህን 19 ቶን የሚያህል ሸክም ቀድሞ ካቦ የሚመራው ጭፍራ በትከሻው ከመጋዘን ወደ መርከብ ያመላልሰው ነበር፤ ዛሬ ሣጥኑን ክሬን በጥቂት ደቂቃ አንሥቶ ያስቀምጠዋል። የዶራሌ የኮንቴይነር ወደብ በ2009፣ ልዩ ልዩ ጭነት የሚያስተናግደውም አዲሱ የዶራሌ ወደብ በ2017 ሲከፈቱ ይህ አሠራር ሰፋ። በባቡሩ በኩልም እንዲሁ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ሰፊ ሐዲድ በ2016 በአዲስ አበባ፣ በ2017 መጀመሪያ በጅቡቲ ተመርቆ፣ ከ2018 መጀመሪያ አንሥቶ መደበኛ አገልግሎት ሰጠ። ወደ አሮጌው ከተማ ሳይገባ በናጋድ ይቆማል። ጭነቱ በዛ፣ ጕዞው አጠረ። ይህን የሚጠላ ሰው የለም፤ እኔም አልጠላም። በመጀመሪያ የቻይና ኩባንያዎች ያካሄዱት የነበረውን ሥራ ሠልጥነው የተረከቡት ወጣቶቻችንም ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን አዲሱ ባቡር ሠራተኛ በፈለገ ጊዜ የመረጠው ከትምህርት ቤት የወጡትን ነው። የአሮጌው ባቡር ሰው ከነሙያው ከሐዲዱ ዳር ቀረ።

በአማርኛችን «ካረጁ አይበጁ» የሚል አነጋገር አለ። ብዙ ሰው ይህን የሚናገረው በቀልድ ነው፤ የመሥሪያ ቤቶቻችን አሠራር ግን ሳይናገረው ይፈጽመዋል። ዕድሜው የገፋ ሰው ሥራ ሲጠይቅ ከእኛ ከቢሮ ሠራተኞች አንደበት ቶሎ የሚወጣው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ ዘበኝነት። ሠላሳ ዓመት በቶርኖ ላይ ቆሞ ብረት ሲቀርጽ የኖረ ሰው በሌሊት ዱላ ይዞ የሰው ግቢ በር ላይ ይቀመጣል። በዚያው ከተማ ውስጥ ደግሞ ቶርኖ የሚያንቀሳቅስ ሰው ጠፋ ብሎ ጋራዡ ከውጭ አገር ሰው ያስመጣል። ዘበኝነትን እንደ ውርደት በመቍጠር አይደለም ይህን የምለው፤ በታማኝነት የሚሠራ ሥራ ሁሉ ክቡር ነው። ነገር ግን የተማረ እጅን ያለ ሥራ ማስቀመጥ የተሠራ ድልድይን ዘግቶ በወንዙ ውስጥ እንደ መሻገር ነው።

«ስንት ዓመቱ ነው፤ ጡረታውን ይዞ ቤቱ አይቀመጥም ወይ?» የሚል ሰው ይኖራል። ይህን የሚል ሰው የጡረታን ሒሳብ ያልቈጠረ ነው። በኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኛ ከቀድሞ ጀምሮ የጡረታ መብት ነበረው፤ የግል ድርጅት ሠራተኞችን በአጠቃላይ የሚያቅፈው የጡረታ ሕግ ግን የወጣው በ2011 ነው። የጡረታ ዕድሜው 60 ዓመት ሲሆን፣ የወር አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት የተዋጣበት አገልግሎት ያስፈልጋል። እንግዲህ ሕጉ ሲወጣ 50 ዓመት የነበረው ሰው አንድ ወር እንኳ ሥራ ሳይፈታ ቢሠራ በ60 ዓመቱ ለጥቂት ይደርሳል፤ በዚያን ጊዜ 54 ዓመት የነበረው ግን በ60 ዓመቱ የሚኖረው 6 ዓመት ብቻ ነው። በመካከል ሥራ የፈታማ ከዚያም ያንሳል። በዚህ በጅቡቲ በ2008 በወጣው ሕግ የቀድሞዎቹ ድርጅቶች ተዋሕደው ብሔራዊው የማኅበራዊ ዋስትና ድርጅት ተቋቁሟል፤ በ2014ም አጠቃላይ የጤና መድን ታውጇል። እነዚህ ታላላቅ ሥራዎች ናቸው። ሆኖም በቀን ሒሳብ ሲጭንና ሲያወርድ የኖረ፣ ስሙ በአሠሪው ደብተር ላይ ሳይገባ የኖረ ሰው ምን የተዋጣለት አለ? በሰው ቤት ሠላሳ ዓመት ወጥ የሠራችውስ እኅታችን? ለእነዚህ ሰዎች ስድሳ ዓመት የዕረፍት ዕድሜ አይደለም። መሥራት ወይም በልጅ እጅ መውደቅ ነው፤ ልጁም ራሱ ሥራ የሌለው ሊሆን ይችላል።

አሁን ስለ ቢሮዎቹ ልናገር። መንግሥት ገንዘብ ሳያስከፍል ሠራተኛንና አሠሪን የሚያገናኝ ቢሮ እንዲኖረው የሚያዝዘው የ1948ቱ የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ኢትዮጵያም ጅቡቲም የተቀበሉት ነው። በጅቡቲ በፈረንሳይኛ አጠራሩ አኔፊፕ የሚባለው የሥራ፣ የሥልጠናና የሙያ ማስገቢያ ድርጅት በ2007 መጨረሻ በወጣ ሕግ ተቋቁሟል። በኢትዮጵያም በ2021 የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲቋቋም ሥራ ማገናኘቱና ሙያ ማሠልጠኑ ባንድ ጣሪያ ሥር ሆኗል። እንግዳ የባለቤቱን ቤት አይጠርግምና፣ በአኔፊፕ አሠራር ውስጥ ገብቼ አልዳኝም፤ የምተቸው የራሴን ወገን አሠራር ነው፤ ሰሚው የሚመስለውን ይውሰድ።

በእኛ በኩል የቢሮው በር ለማንም አልተዘጋም፤ «ከዚህ ዕድሜ በላይ አይገባም» የሚል ደንብም የለም። ነገር ግን ገንዘብ ያለው ነገር ሁሉ ለወጣት ተብሎ ይመደባል። በ2017 የተቋቋመው የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ከ18 እስከ 34 ዓመት ላሉት ነበር። መልካም ነው፤ የወጣት ፈንድ ለወጣት ይሁን። ችግሩ የሚመጣው ለ35 ዓመቱና ከዚያ በላይ ላለው ሰው የሚመጣጠን ሌላ መደብ ሳይኖር ሲቀር ነው። መዝጋቢው የሚመዘነው በዓመቱ ውስጥ ስንት ወጣት ሥራ አስያዘ ተብሎ ስለ ሆነ፣ ሽበታም ሰው ሲመጣበት የማይቈጠርለት ድካም እንደ መጣበት ያየዋል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የሚሞላው ሠንጠረዥ ለዚያ ሰው ቦታ ስለሌለው ነው።

ሁለተኛው መሰናክል ወረቀትና ቋንቋ ነው፤ እንደ እኔ አስተያየት ከዕድሜው ይልቅ የሚያሰናክለው ይህ ነው። ሥልጠና ለመግባት የዚህን ያህል ክፍል መጨረስ ይጠየቃል፤ ያ ሰው ግን ክፍል የጨረሰው በመጠገኛው ውስጥ ነው። በጅቡቲ የመንግሥት ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው፤ በካርቲየ 5 መንገድ ላይ ግን ሶማልኛው፣ አፋርኛው፣ አማርኛው ይሰማል። በአፉ ሦስትና አራት ቋንቋ የሚናገር ሰው በቅጽ ፊት እንደ ዲዳ ሲሆን ታያላችሁ። የሚያውቀውን በሚያውቀው ቋንቋ ጠይቀን ብንጽፍለት ምን ይጐድልብናል? አንድ የሩብ ሰዓት ጊዜ ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ አዲስ የሚፈለሰፍ ነገር አይደለም። በኢትዮጵያ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናው መመሪያ በ2008 ከተለወጠ ወዲህ፣ ሰው ሙያውን የትም ይማረው የት፣ በምዘና ማእከል ቀርቦ ሠርቶ ካሳየ የብቃት ማረጋገጫ ወረቀት ማግኘት ይችላል፤ ሕዝቡ ሲኦሲ የሚለው ይህንኑ ነው። በፈረንሳይም በ2002 የወጣ ሕግ በሥራ ላይ የተገኘ ልምድ እንደ ትምህርት ተቈጥሮ ዲፕሎማ እንዲያሰጥ አድርጓል። እንግዲህ መንገዱ ተጠርጓል፤ የሚሄድበት ግን ጥቂት ነው። ምዘናው የተግባርም የጽሑፍም ክፍል ስላለው፣ የሃምሳ አምስት ዓመቱ በያጅ ብየዳውን ጨርሶ ከጽሑፉ ላይ ይወድቃል። ጥያቄው በቃል ቢነበብለትና በቃል ቢመልስ፣ መላሹ ሰው እንጂ ብዕሩ አይደለምና፣ የምዘናው ክብር አይቀንስም። እኔ ለአለቆቼ ደጋግሜ የማቀርበው ይህን ነው። ባንድ ቀን ምዘና የሚገኘው ወረቀት፣ የሁለት ዓመት ትምህርት ለመማር ጊዜ ለሌለው ሰው ብቸኛው በር ነው።

ሥልጠናውም ቢሆን ለእርሱ እንደሚስማማ መሆን አለበት። ወጣቱን ከሀ ጀምረን እናስተምረዋለን፤ እርሱን ግን ከሚያውቀው ተነሥተን የጐደለውን ብቻ ልንጨምርለት ይገባል። የድሮ ናፍጣ ሞተር ፈቶ የገጠመ ሰው ዘይት ምን እንደ ሆነ ሊነገረው አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የዛሬው ሞተር በኮምፒዩተር እንዴት እንደሚመረመር ማሳየት ነው፤ ይህም የሳምንታት እንጂ የዓመታት ጉዳይ አይደለም። ከተቻለ በማኅበር፣ ከእኩዮቹ ጋር ይማር፤ በልጅ ልጆቹ ዕድሜ ካሉት ጋር ተቀምጦ በመጀመሪያው ጥያቄ ሲሳሳት በማግሥቱ አይመጣምና። ደግሞ ሙቀቱን አስቡ። በዚህ ከተማ በሰኔና በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ከቀትር በኋላ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚሰጥ ትምህርት ለወጣቱም ይከብዳል፤ ለሽማግሌው ማለዳ ይሁንለት። በሥልጠናው ቀን ቤቱ የሚበላው ሊኖረው ይገባል። የቀን ሠራተኛ ባልሠራበት ቀን ምሳ የለውም፤ አበል ሳይሰጡ «ለምን ቀረ» ብሎ መውቀስ ግፍ ነው።

የሥራው ዐይነትም መመረጥ አለበት። በ1967 የዓለም የሥራ ድርጅት አንድ ጐልማሳ ወንድ በትከሻው የሚሸከመው ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ መክሯል። በእኛ ገበያ ደግሞ ኩንታል የሚባለው 100 ኪሎ ነው። ይህን ሲሸከም የኖረ ሰው በሃምሳ ዓመቱ ወገቡና ጕልበቱ ምን እንደሚመስል ሐኪም መጠየቅ አያስፈልግም፤ እንደ ገና ወደ ሸክም መመለስም ሥራ ማስያዝ አይባልም። ጆንያውን መቍጠር፣ መጋዘኑን መጠበቅ ብቻ ሳይሆን መቈጣጠር፣ ለአዲሶቹ ሸክም እንዴት እንደሚነሣ ማሳየት፣ አደጋ ከመድረሱ በፊት «ተው» ማለት ግን ይችላል። በገላፊ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረውን ሹፌርም እንዲሁ። ዐይኑ ለሌሊት ጕዞ ካልረዳው፣ ረዳቶችን ለማሠልጠንና የመኪኖችን ጕዞ ለማደራጀት ከእርሱ የሚሻል ማን አለ? መንገዱን በየጠመዝማዛው ያውቀዋል።

ከሁሉ በላይ ክርክር የሚነሣበት ነገር አለና አላልፈውም። «ለሽማግሌው የምትሰጠው ቦታ ከወጣቱ የተወሰደ ነው» ይባላል። በ2010 የታተመ አንድ የ12 አገሮች ጥናት ሽማግሎችን ከሥራ ማስወጣት ለወጣቶች ሥራ እንዳላስገኘ አሳይቷል፤ እንዲያውም የሁለቱ ሥራ አብሮ ሲወጣና አብሮ ሲወርድ ተገኝቷል። እነዚያ አገሮች ሀብታሞች ስለ ሆኑ የእነርሱን ውጤት እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት አይገባም፤ ባንድ የተወሰነ መሥሪያ ቤት አንድ ወንበር ብቻ ካለ በወንበሩ የሚቀመጠው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን የአሠልጣኝ ወንበር ከሌሎቹ የተለየ ነው። አንድ ሽማግሌ የቶርኖ ባለ ሙያ ለማስተማር ሲቀጠር ከወጣቱ ቦታ አይወስድም፤ ዐሥር ወጣት ቦታ የሚያገኝበትን ሙያ ይሰጣል። የማሠልጠኛ ቤቶቻችን ደግሞ ዋና ችግራቸው መጽሐፉን የሚያውቅ እንጂ እጁ የሚያውቅ መምህር ማነሱ ነው። እነዚህ ሽማግሎች ባለፉ ቍጥር የሚያልፈው እውቀት በየትም መዝገብ አልሰፈረም፤ ዛሬ ያልጠየቅነውን ከአምስት ዓመት በኋላ የምንጠይቀው ሰው አናገኝም።

ሌሎች አገሮች ያደረጉትን በአጭሩ ልጥቀስ። በጃፓን ከ1975 ጀምሮ በቶኪዮ ተነሥቶ በመላው አገሪቱ የተስፋፋ የሽማግሎች የሥራ ማእከል አለ፤ 60 ዓመት የሞላቸው ሰዎች አባል ሆነው ቀለል ያለና ጥቂት ሰዓት የሚወስድ የአካባቢ ሥራ ይከፋፈላሉ። በአሜሪካ ከ1965ቱ የሽማግሎች ሕግ ጋር በተያያዘ፣ 55 ዓመት ያለፋቸው ድኾች በሕዝብ አገልግሎት ቦታ እየሠሩና እየተከፈላቸው የሚሠለጥኑበት ደንብ አለ። የዓለም የሥራ ድርጅትም በ1980 ባወጣው ምክር፣ የሥራ ማገናኘትና የሙያ ሥልጠና አገልግሎት ሰውን በዕድሜው እንዳይለይ መንግሥታትን ጠይቋል። ምክር እንደ ሕግ አያስገድድም፤ ነገር ግን ማንም በምክር አፍሮ አያውቅም።

ለከተማው ሰዎች ደግሞ ጥቂት የሚሠራ ነገር ልንገራችሁ። በመጀመሪያ ወረቀቶቻችሁን ጠብቁ። አሮጌ የደመወዝ ደረሰኝ፣ የሥራ መታወቂያ፣ የአሠሪ ደብዳቤ፣ የባቡር ወይም የወደብ ፓስ፣ ሌላው ቀርቶ በሥራ ልብስ ከጓደኞች ጋር የተነሡት ፎቶግራፍ እንኳ፣ በምስክር የሚደገፍ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። በሁለት አገር የሠራ ሰው የሁለቱንም ወረቀት ለየብቻ ያኑር። የውጭ አገር ሰው የሆነ ደግሞ የሥራ ፈቃዱ ጊዜ ሳያልፍበት ያሳድስ፤ ፈቃድ የሌለው ሽማግሌ ከሁሉ ይልቅ በደላላ እጅ የሚወድቅ እርሱ ነውና። ደላላ የሚወስደው የመጀመሪያውን ወር ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ አሠሪው ስሙን በደብተር እንዳይጽፈው የሚመክረውም ብዙ ጊዜ እርሱ ነው።

ስለ ሴቶቹ ከላይ ያነሣሁትን አልጨረስሁም። በሰው ቤት ያገለገለች ሴት ሲመዘግቧት በሙያ ዐምድ ላይ «የለም» ተብሎ ሲጻፍ በዐይኔ አይቻለሁ። ለሠላሳ ሰው በሰዓቱ ምሳ የምታደርስ፣ ሕፃን ያሳደገች፣ የታመመ ያስታመመች ሴት ሙያ የላትም ማለት እንዴት ይቻላል? የወጥ ቤት ሥራም፣ ሕፃን መያዝም፣ ሕመምተኛ መንከባከብም የሚመዘኑ ሙያዎች ናቸው። የሆቴሎችና የምግብ ቤቶች ባለቤቶች፣ የካምፖቹ ምግብ አቅራቢዎችም በዚህ ከተማ ጥቂት አይደሉም። መዝጋቢዎች ሆይ፣ «የለም» የሚለውን ቃል ከመጻፋችሁ በፊት «በቀን ምን ትሠሪ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለአስተዳደር ሠራተኞች የማቀርበው ልመና በገንዘብ ብዙ የሚያስወጣ አይደለም። በመዝገባችሁ ላይ የዕድሜ ዐምድ አለ፤ ከ50 ዓመት በላይ የሆኑትን ባንድ ገጽ ለይታችሁ ቍጠሩ፣ ስንቱ እንደ መጣ፣ ስንቱ ሥራ እንደ ያዘ፣ ስንቱ ለምዘና እንደ ተላከ በየሦስት ወሩ ለአለቃችሁ አስታውቁ። ያልተቈጠረ ሰው በጀት አይወጣለትም። በየሳምንቱም አንድ ማለዳ፣ ቅጽ መሙላት ለማይችሉ በቃል የሚጠየቁበት ቀን ይመደብ፤ አስተርጓሚ ከሠፈሩ ወጣቶች ይገኛል፤ ለወጣቱም ሥራ ይሆነዋል።

ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይም በኋላ በኩል የተቀመጣችሁ አባቶችና እናቶች፣ አሁን ጠይቁ። በአማርኛ ለማይመቸው በሶማልኛ የሚያስተረጕምልኝ ሰው አብሮኝ አለ።